አሰልጣኙ ነው ወይስ ልጆቹ?

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ሁለት የሰፈሬ ልጆች እየተከራከሩ መጡ። አንደኛው ወንድሙ ካናዳ ስለሚኖር የበረዶ ሆኪ ይከታተላል፤ ጓደኛውንም አስለምዶታል። የሚደግፉት ቡድን በተከታታይ እየተሸነፈ ነው። አንዱ «አሰልጣኙ ይባረር» ይላል፣ ሌላው «ተጫዋቾቹ ናቸው የማይረቡት» ይላል። «ጋሼ፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ። ያን ዕለት አልፈረድኩም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በእግር ኳስ ሜዳ ነው፣ ግን ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ስለሆነ ቤት ገብቼ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ጃንሜዳ ታዳጊዎችን ማሰልጠን ስጀምር የግራ ተከላካያችን ከኋላው እየተገባበት ጎል ይቆጠርብን ነበር። ቀየርኩት። የተካውም ልጅ ያው ሆነ። ሦስተኛውን አስገብቼ ከመስመሩ ዳር ስጮህበት ዋልኩ። ከልምምድ በኋላ ቀረብ አለና «አሰልጣኝ፣ ወደ ፊት ሂድ ይሉኛል፤ ስሄድ ቦታዬን የሚይዘው ማነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ልጆች የእኔን ጥፋት ተሸክመው ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሆኪም ላይ ይኸው አለ። በረዶው ላይ ከበረኛው ሌላ አምስት ሰው ነው ያለው፣ አንዱ ተጫዋች አርባ አምስት ሰከንድ ያህል ሮጦ ይቀየራል፣ ጨዋታው ሳይቆም። ተከላካዩ ከራሱ ጎል ጀርባ ፓኳን (በዱላ የምትመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ይዞ ለክንፉ፣ ማለትም በዳር መስመር ለሚያጠቃው ልጅ፣ ሊያቀብል ሲል ክንፉ ቸኩሎ ርቆ ከሄደ ቅብብሉ ይረዝማል፣ ተጋጣሚ መሃል ላይ ይነጥቃል። ተመልካች የሚያየው የተከላካዩን ስህተት ነው። ያ ርቀት ግን ከየት መጣ? ክንፉ ታዞ ነው የሄደው ወይስ ትዕዛዙን ረስቶ? ይህን ለማወቅ ተከላካዩ ሲቀየር ምን እንደሚሆን እዩ። ሰው ተቀይሮ ስህተቱ ካልተቀየረ፣ ነገሩ የአሰልጣኙ ነው። አንድ ልጅ ከማንም ጋር ቢሰለፍ እሱ ጋ ብቻ ከተበላሸ ደግሞ፣ ያ የልጁ ነው። ስህተቱ በሦስተኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ድካም ነው፣ ድካም ደግሞ የሁለቱም ነው፤ ተጫዋቹ አልተዘጋጀም፣ አሰልጣኙም ልጆቹ የማይችሉትን ሩጫ ጠይቋል።

የአሜሪካውን የሆኪ ቡድን የሴንት ሉዊስ ብሉስን ታሪክ አንብቡ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2018 አሰልጣኙን ማይክ ዮን አሰናብተው ክሬግ ቤሩቤን ሾሙ። ታዲያ ወዲያው ተለወጡ? አልተለወጡም። ጥር 3 ቀን 2019 በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ ከነበሩት 31 ቡድኖች የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበሩ። ከአራት ቀን በኋላ ጆርዳን ቢኒንግተን የሚባል በረኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያው ተሰለፈ፣ ጎልም አልገባበትም። ሰኔ ላይ ቦስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፈው በ1967 መጫወት ከጀመሩ ወዲህ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ፣ የሊጉን ዋንጫ፣ አነሱ። «አሰልጣኙ ነው የለወጣቸው» የሚል ከሹመቱ በኋላ ሳይለወጡ የቆዩበትን ስድስት ሳምንት ይዘለዋል። «በረኛው ነው» የሚል ደግሞ ከፊቱ ሆነው የሚከላከሉለትን ይረሳል። እኔ እንደማስበው አዲሱ አሰልጣኝ ያስተማራቸው እግራቸው ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ፈጅቷል፤ ከኋላቸው የሚተማመኑበት በረኛ ሲቆም ደግሞ ሳይፈሩ መጫወት ጀመሩ።

በተለይ አሰልጣኝ መሆን የምታስቡ ልጆች ይህችን ያዙልኝ። ሰሌዳ ላይ የተሳለ ቀስት ታክቲክ አይደለም። ልጁ ሲደክመውና ሲጮህበት ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ነው ታክቲካችሁ። «ነግሬያቸው ነበር» የሚል አሰልጣኝ ያናድደኛል። ስንት ጊዜ አለማመድካቸው? ተጫዋቾችም እንደዚያ ልጅ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ገብቷችሁ ካላደረጋችሁት ግን አሰልጣኙ ላይ አታላክኩ።

ለሁለቱ ልጆች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። የሚቀጥለውን ጨዋታ ጎሉን ትታችሁ ከጎሉ በፊት ያለውን አሥር ሰከንድ ብቻ እዩ፣ ማን የት እንደቆመ ጻፉ። ቅዳሜ እዚያው ፒያሳ ነኝ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።