ፒትኬርን ላይ ከመርከብ መውረድ ይቻላል?

ከእናትሽ ጋር በመርከብ ስትጓዙ ደቡብ ፓስፊክ ውስጥ ባለው ትንሽ ደሴት፣ በፒትኬርን፣ መውረድ ትችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። በጉዞ መርሐ ግብሩ ላይ «ፒትኬርን» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ደሴቱን ትረግጣላችሁ ማለት አይደለም። ትልልቆቹ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን ዞረው ያልፋሉ። ስለዚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትሽ እንዴት እንደሚወርዱ ከማሰብሽ በፊት የመርከብ ድርጅቱን «መንገደኛ ታወርዳላችሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ።

ካላወረዱም አትዘኑ። ባሕሩ ከፈቀደ የደሴቱ ሰዎች በረዥም ጀልባቸው መጥተው መርከቡ ላይ ይወጣሉ። ሚሮ ከሚባለው ዛፍ እንጨት የተቀረጹ ሻርኮችና ዔሊዎች፣ ቴምብርና ማር ዘርግተው ይሸጣሉ። ነዋሪዎቹ በጠቅላላ ከ50 አይበልጡም፤ ብዙዎቹም እ.ኤ.አ. በ1790 እዚያ የሰፈሩት ባውንቲ በተባለው የእንግሊዝ መርከብ ላይ በአዛዣቸው ላይ ያመፁ መርከበኞችና የታሂቲ ሴቶች ዘሮች ናቸው። ከገዛችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ አጫውቷቸው፤ ከቅርጻ ቅርጹ ይልቅ ጨዋታቸው ይበልጣል። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፤ መገበያያቸው የኒውዚላንድ ዶላር ነው፣ የአሜሪካንም ይቀበላሉ።

ካወረዱ ግን፦

1. መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ባውንቲ ቤይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ በኩል በጀልባ ነው የሚገባው።
2. ከዚያ ሰዎቹ ወደሚኖሩበት መንደር፣ ወደ አዳምስታውን፣ የሚወስደው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ለእናትሽ ባለ አራት ጎማ ሞተር እንዲገኝላቸው አስቀድመሽ ጠይቂ።
3. ፍራፍሬ፣ ዘርና ማር ይዛችሁ አትውረዱ።

አንድ ነገር አደራ። አስቸጋሪው ዳገቱ ሳይሆን ጀልባው ላይ መሳፈሩ ነው። ማዕበሉ ጀልባውን ከእግር ሥር ያነሣዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይጥለዋል። እናትሽ ሁለት እጃቸው ባዶ ይሁን፣ ቦርሳቸውን አንቺ ያዢ፣ መርከበኛው «አሁን» ሳይል እግራቸውን እንዳያነሡ።