አዲስ ለምትቀጠሩ ነርሶች፦ ድካማችሁን አትደብቁ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ዋርድ ለገባችሁ ነው የምጽፈው። ስለ ሥራ ጭንቀት በግልጽ የሚነግራችሁ የለም። "ቻሉት" ነው የምትባሉት። እኔ ግን ዕድሜዬን ዋርድ ውስጥ ስላሳለፍኩ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጭንቀት ነርስን በአንድ ቀን አይጥላትም። መጀመሪያ የሚወስድባት ትንንሾቹን ነገሮች ነው። የታካሚውን ስም ከካርዱ ጋር ሳታመሳክር መርፌ ትሰጣለች፣ ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት) ሳትለካ የጠዋቱን ቁጥር ትገለብጣለች፣ "ሲስተር፣ አመመኝ" ሲሏት ዞር ብላ አታይም። ለሚያያት ግን እንዲያውም ፈጣን ትመስላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ፍጥነት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ የሚመጣውን መዛል ሲገልጽ ሦስት ነገር አነሳ፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ የሥራ ብቃት መቀነስ። ሁለተኛውን ልብ በሉ። ክፉ የምትባለው ሲስተር ብዙ ጊዜ ውስጧ ያለቀባት ናት። ታካሚው ግን የሚያየው የተቆጣ ፊት ነው፣ ከዚያ ሕመሙን መናገር ይተዋል።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬንያ ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ 7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ስለዚህ ሰው ሲያንስ ለኃላፊያችሁ ንገሩ፣ ሪፖርቱ ላይም ጻፉት።

ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ራሳችሁን አትመኑ፣ ንቃት በጣም የሚወርድበት ሰዓት ነው። እንደ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ክሎራይድ ያለ፣ መጠኑ ከተሳሳተ ሊገድል የሚችል መድኃኒት ብቻችሁን አታዘጋጁ። ጓደኛችሁን ቀስቅሳችሁም ቢሆን መጠኑን አብራችሁ አረጋግጡ። ትቆጣ፣ ግድ የለም። የሰጣችሁትንም ወዲያው ቻርት ላይ አስፍሩት፤ "በኋላ እጽፈዋለሁ" ያላችሁት የፈረቃ ርክክብ ላይ ይረሳና ተረካቢዋ አልተሰጠም ብላ ትደግመዋለች።

ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ ፓርት ታይም አትሥሩ አልላችሁም። ግን ዲዩቲ አድራችሁ በቀጥታ ሌላ ክሊኒክ አትግቡ። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ወደ ሥራ ስትወጡ ሆዳችሁ የሚረበሽ ከሆነና ይሄ ከሰነበተ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ለታካሚ ቢሆን ሳታመነቱ ሪፈር ትጽፉ ነበር።