ስለ ሱፐርፍሉይድ ሂሊየም የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ጥያቄ፦ በራሱ ጊዜ ከብርጭቆ ወጥቶ ይፈሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፈሳሽ ሂሊየም ከ2.17 ኬልቪን በታች ሲቀዘቅዝ (ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ሱፐርፍሉይድ፣ ማለትም ያለ ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽ ይሆንና የብርጭቆውን ግድግዳ 30 ናኖሜትር ያህል በሚሆን ሽፋን ያለብሰዋል። ከፀጉር ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ይቀጥናል ማለት ነው። ሌላ ፈሳሽ በዚህ ልሂድ ቢል ሰበቃው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይሄን ግን የሚይዘው የለም፤ ግድግዳውን ወጥቶ፣ ጠርዙን ተሻግሮ፣ በውጭ በኩል ወርዶ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል፣ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን።

ጥያቄ፦ የስበት ሕግ ተጣሰ ማለት ነዋ?

መልስ፦ ኧረ አልተጣሰም! ከበርሜል ውሃ በጎማ ስበን ስንቀዳ ውሃው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣ የለ? መጨረሻው ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነው። እዚህም ያው ነው፤ ጎማው ያ ስስ ሽፋን ነው።

ጥያቄ፦ ዝልግልግነቱ (ሲፈስ የሚይዘው የውስጥ ሰበቃ) ዜሮ ነው ይላሉ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አይደለም የሚል አንብቤ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ግራ ቢገባሽ አይገርምም፣ ተመራማሪዎቹም ግራ ገብቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ካፒትሳ ከሞስኮ፣ አለንና ማይስነር ከካምብሪጅ ያወጡት ውጤት በጠባብ ክፍተት ሲያልፍ የሚያግደው ነገር እንደሌለ አሳየ። እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ዲስክ ሲወዛወዝ ግን ይጎተታል። ቲሳና ላንዳው ያቀረቡት መልስ፣ ፈሳሹ ሁለት ፈሳሾች የተቀላቀሉበት ያህል ነው የሚሆነው፤ አንዱ ተራ፣ አንዱ ሰበቃ የማያውቅ። በክፍተቱ ሾልኮ የሚያልፈው ሁለተኛው ነው፣ ዲስኩን የሚጎትተው የመጀመሪያው። ይሄ ዝም ብሎ ወሬ እንዳልሆነ አንድሮኒካሽቪሊ እ.ኤ.አ. በ1946 አሳየ፤ ስስ ዲስኮች አቀራርቦ ደርድሮ፣ በክር አንጠልጥሎ ፈሳሹ ውስጥ አወዛወዛቸው። ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ከዲስኮቹ ጋር የሚንቀሳቀሰው ሂሊየም እያነሰ ሄደ፣ 1 ኬልቪን አካባቢ ምንም አልቀረም ማለት ይቻላል። እንደ እኔ ከዚህ የሚያምር ሙከራ ጥቂት ነው። ብቻ እንደ ዘይትና ውሃ የሚለያዩ እንዳይመስልሽ፣ ይሄኛው አተም ተራ ነው ያኛው ልዩ ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፍጥነት ብንጨምርበትስ?

መልስ፦ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ቀጫጭን አዙሪቶች ይፈጠሩና ሰበቃው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ጄኔቭ አጠገብ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ትልቁ የቅንጣት ማፋጠኛ ማግኔቶቹን በ1.9 ኬልቪን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ሙቀት በማስተላለፍ የሚስተካከለው የለም። ሲቀዘቅዝ ብታዩት በደንብ ይገባችሁ ነበር፤ እየተንፈቀፈቀ ሲፈላ የቆየው ፈሳሽ 2.17 ላይ ሲደርስ በአንዴ ጸጥ ይላል። ሙቀቱ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ አረፋ ሳይሠራ ስለሚበተን፣ ከዚያ በኋላ ከላይ ብቻ ዝም ብሎ ይተናል።