ሜትዎሮሎጂ ለምትማሩ ልጆቼ

ሥራውን ገና ለጀመራችሁትም ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የክረምት ዝናባችን ሩቅ ካለው ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያ በምድር ወገብ አካባቢ ውሃው ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ሰሜኑና ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ዝናብ ያጥረዋል። በ2015 አይተነዋል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለምግብ እርዳታ ተዳርጎ ነበር።

ታዲያ የውሃውን መሞቅ ማን ይነግረናል? በ1982 ኃይለኛው ኤልኒኞ ሲጀምር ሳይንቲስቶቹም በጊዜ አላወቁትም። በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ሰማይ የበተነው ብናኝ የሳተላይቶቹን ንባብ አዛብቶት ነበር፤ ባሕሩ ላይ ደግሞ በቂ መለኪያ አልነበረም። ከዚያ ነው አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓንና ሌሎችም ተባብረው፣ ከ1985 እስከ 1994 በቆየው ቶጋ በተባለ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም፣ 70 ገደማ ተንሳፋፊ መለኪያዎችን ከባሕሩ ወለል ጋር አስረው የዘረጉት። እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ያለውን ሙቀት ይለካሉ። መረጃው በሳተላይት ይመጣል፣ በነፃም ይለቀቃል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያም ያየዋል።

ጥገናውን ግን ማንም አያወራለትም። መርከብ በየጊዜው እየሄደ ካልቀየራቸው መለኪያዎቹ ዝም ይላሉ። አሜሪካ ይህንን የሚሠራውን መርከብ በ2012 ስታቆም፣ በ2014 መጀመሪያ ላይ ከእሷ መለኪያዎች መምጣት ከነበረበት መረጃ የሚደርሰው 40 በመቶው ገደማ ብቻ ሆነ። ደግነቱ ዓመቱ ሳያልቅ ብዙው ተጠገነ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ያ ትልቅ ኤልኒኞ የመጣው በማግስቱ ዓመት ነዋ!

ስኮላርሺፑንና የውጭ ኮንፈረንሱን አስቡ፣ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን ከጣቢያችሁ የሚወጣው ቁጥር የሚታመን ይሁን። የዝናብ መለኪያውን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ። ያልተነበበ ቀን ካለ ባዶ ተዉት፣ በግምት እንዳትሞሉት አደራ። መለኪያው ቦታ ከተቀየረ መቼና ወዴት እንደሆነ ጻፉ። አፍሪካ ውስጥ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ሌላ አገር ያለውን ተመራማሪም ያሳስተዋል።

ደግሞ ዛሬውኑ የፓስፊኩን መረጃ አውርዱና ከከተማችሁ የዝናብ መዝገብ ጎን አስቀምጡት። የማይገጥሙ ዓመታት ታገኛላችሁ። አትዝለሏቸው፤ እነሱን ለመረዳት የሕንድ ውቅያኖስንም ማየት ይኖርባችኋል።