ጎዶሎው 360 ከረጢት

ልጆቼ፣ «ዕድሜዎን በሙሉ ኦዲተር ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ መጻፍ ከየት መጣልዎ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አስከትላችሁም «እኔስ ሥራዬን ትቼ ልጻፍ?» ትላላችሁ። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ነው።

ገና ወጣት ሳለሁ ለሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ የንብረት ቆጠራ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተላክሁ። ሂሳብ ክፍል ያለው የዕቃ መመዝገቢያ፣ ስቶክ ካርዱ፣ 730 ከረጢት ሲሚንቶ ይላል። ከገባ ጀምሮ ያልተነካ ክምር ነው፤ ብንቆጥረው ግን 370 ሆነ። 360 ጎደለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ስጠይቃቸው እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኔም መንቀጥቀጡን እንደ ማስረጃ ወስጄ የጉድለት ሪፖርት ጻፍሁ። ከሥራ ታገዱ፣ ደመወዛቸውም ቆመ።

እውነቱን ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ማኅደሩን ሳገላብጥ ነው። ሲሚንቶው ሲገባ የተቆረጠው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19፣ «370» ይላል። ወደ ስቶክ ካርዱ ያስተላለፈው ሠራተኛ ሁለቱን አኃዞች አቀያይሮ 730 አድርጎታል። ክምሩ አጠገብ የተሰቀለው ቢን ካርድ፣ ግምጃ ቤቱ ራሱ የዕቃውን ብዛት የሚጽፍበት ካርድ፣ ከመጀመሪያው 370 ነበር የሚለው፤ እኔ ቀና ብዬ አላየሁትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ 360 ለ9 ሲካፈል 40 ነው። ይህን ተምሬው ነበር። ከሰውየው እጅ ይልቅ ቁጥሩን አይቼ ቢሆን ኖሮ ልጆቻቸው ሁለት ወር በብድር ባላደሩ ነበር። ሪፖርቱን አረምሁ፣ እሳቸውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

በአያቶቻችን ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ተፈርዶበት ይሆን! እኔም በዚያ ቀን ያደረግሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቼ አዳማ ስቀመጥ ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው፤ ማስረጃው ሳይመረመር ሰው የማይፈረድበት ታሪክ ለመጻፍ። ከተማዋ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ትመቻለች። ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሁሉ ያልፍባታል፤ አንድ ሌሊት አድሮ የሄደን እንግዳ ማንም አያስታውሰውም። ነፋሷም ምስክር ይሆናል። በበጋ መስኮት ከፍቶ የዋለ ሰው ማታ አቧራ በለበሰው ጠረጴዛው ላይ በጣቱ መጻፍ ይችላል። ታዲያ «ቀኑን ሙሉ መስኮቴ ክፍት ነበር» የሚል ሰው ጠረጴዛ እንዴት ንጹሕ ይሆናል?

የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ከአንባቢ ማስረጃ አትደብቁ። በአንዱ ታሪኬ ውስጥ ሐሰተኛው ደረሰኝ «ጳጉሜን 6 ቀን 2006 ዓ.ም.» ይላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ 2006 ደግሞ ዘመነ ማርቆስ ስለነበረ ጳጉሜን በ5 አልቃለች። ያ ቀን ፈጽሞ አልነበረም! ደረሰኙን ከነቀኑ በሁለተኛው ምዕራፍ አሳይቻለሁ፤ አንባቢው ከመርማሪው ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከኪስ የሚወጣ ማስረጃ አንባቢን መናቅ ነው።

ሥራችሁን ግን አትተዉ። ዛሬ የሰለቻችሁን ሥራ ውስጠ ነገር ከእናንተ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ነርሷ መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት የትኛው ካርድ ላይ እንደሚሰፍር ታውቃለች። የከባድ መኪና ረዳቱ የትኛው መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያውቃል። ማታ ማታ በደብተር ጻፉት፤ የሰው ምስጢር ሳይሆን አሠራሩን። እኔ ይህን ሳላደርግ ብዙ ዓመት በማሳለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያውን ረቂቄን ያነበቡልኝ እኚያው የግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ዛሬ አዛውንት ሆነዋል። በአንድ ገጽ ላይ ባለ ግምጃ ቤቱ ለምሳ ሲወጣ ቁልፉን ለዘበኛው እንደሰጠ ጽፌ ነበር። እሳቸው ከጎኑ በእርሳስ፣ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈታቸው «የግምጃ ቤት ሰው ቁልፉን ለማንም አይሰጥም» ብለው መለሱልኝ። ምዕራፉን በሙሉ እንደገና ጻፍሁት።