የጃፓን ጎራዴና ጥሩር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ጃፓን ጥንታዊ የጦር መሣሪያ ግዢ፣ አያያዝና ጥገና ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ሰባቱን መርጬ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከጠያቂዎቹ የሚበዙት በእጃቸው የገባውን ዕቃ ስለማጽዳት የሚያስቡ ስለሆኑ፣ የመጀመሪያውን መልስ ሆን ብዬ አስረዝሜዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነኝ። ስንከባከባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ሲያርፉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይዘውት የተመለሱትን የጃፓን ጎራዴ ልጆቻቸው ለመታሰቢያ ሰጡኝ። አፎቱ በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ እጀታው ላይ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ እንጨት ታስሯል፤ ስለቱ ላይ ቀይ ዝገት ይታያል። በብርጭቆ ወረቀት ላጽዳው?

መልስ፦ እባክዎ ብርጭቆ ወረቀቱን አያንሡት። የጃፓን ጎራዴ ትልቁ ሀብት በብረቱ ገጽ ላይ የሚነበበው ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ደጋግሞ ሲያጥፈውና ሲቀጠቅጠው እንደ እንጨት ደም ሥር ያለ መስመር ይፈጠራል፤ ስለቱን ጭቃ ቀብቶ በእሳት ካጋለው በኋላ ውሃ ውስጥ ሲነክረው ደግሞ ሐሞን የሚባለው ነጣ ያለ ድንበር በስለቱ ዳር ይወጣል። ብርጭቆ ወረቀት እነዚህን ያደበዝዛል፣ የጎኖቹንም ጠርዝ ያዶለዱማል። ያንን ለማስተካከል ባለሙያው ተጨማሪ ብረት መፋቅ ግድ ይሆንበታል፤ የተፋቀ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይተካም።

አስቀድመው የያዙትን ነገር ምንነት ይወቁ። ከ1935 ጀምሮ ለጃፓን ሠራዊት የበታች ሹማምንት የታደለው ጎራዴ በማሽን የተሠራ ነው፤ እጀታው ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ሆኖ የጨርቅ ጥምጥም እንዲመስል ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ ስለቱም ላይ ተከታታይ ቁጥር ተመትቶበታል። የመኮንኖች ጎራዴ ግን የተለያየ ነው። አብዛኛው በዚያው ዘመን በብዛት የተመረተ ቢሆንም፣ አንዳንድ መኮንኖች ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱትን ስለት ከሠራዊቱ ደንብ ጋር በሚስማማ እጀታና አፎት አስገብተው ይዘምቱ ነበር። ስለዚህ የእርስዎን በመሰለ ቆዳ ለበስ አፎት ውስጥ ከ400 ዓመት በፊት የተሠራ ስለት ሊገኝ ይችላል።

መልሱ የሚገኘው ናካጎ በሚባለው፣ በእጀታው ውስጥ በሚደበቀው የስለቱ ግንድ ላይ ነው። እጀታውን ከስለቱ ጋር የሚያያይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቀርከሃ ችንካር ነው፤ በለስላሳ ነገር ከቀጭኑ ጫፉ በኩል ቀስ ብለው ሲገፉት ይወጣል። አልወጣም ካለ አያስገድዱት፤ ልምድ ላለው ሰው ይተዉት። ናካጎው ላይ የሠሪው ፊርማ፣ የሞረድ አሻራና ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ዝገት ሊታይ ይችላል። ይህ ዝገት የዕድሜው ምስክር ነው፤ ባለሙያዎች የስለቱን ዘመን ከሚገምቱባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የዚህ ዝገት ቀለምና ጥልቀት ነው። እጅግ ያማረ ስለት ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ናካጎውን አሳምሬ አነጣሁት ብሎ ማስረጃውን ያጠፋበትን ጎራዴ ማየት ያሳዝነኛል። ናካጎውን አይፈግፍጉት፣ አይጠቡት፤ ፎቶ ብቻ ያንሡት። ከፊርማው አጠገብ ትንሽ ክብ ማኅተም ካለበት ግን በአብዛኛው በጦርነቱ ዘመን ከባህላዊው መንገድ ውጭ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል።

ለቀዩ ዝገት፦ ስለቱን በጣት ሳይነኩ፣ ንጹሕ አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ በጥንቃቄ ይጥረጉት፤ ከደረቀ በኋላ ቀጭን የማዕድን ዘይት ይቀቡት። ይህ ዝገቱ እንዳይስፋፋ ያደርገዋል፤ የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው። የጃፓን ጎራዴ ሳዪ ስለቱን ከሻካራ እስከ ልሙጥ በተከታታይ የመሳያ ድንጋዮች ያሳልፈዋል፤ በመጨረሻም በጣቱ ጫፍ በሚይዛቸው ስስ የድንጋይ ስንጣሪዎች የብረቱን ገጽና ሐሞኑን ያወጣል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፣ ክፍያውም ከፍ ያለ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ጎራዴ ተገቢ አይደለም። ምንነቱ ሳይታወቅ ለመሳል ወደ ጃፓን እንዳይልኩት፤ በማሽን የተሠራ ወታደራዊ ጎራዴ በዚያ አገር ሊመዘገብ ስለማይችል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

የታሰረውን እንጨት ከቦታው አይፍቱት። በ1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ መኮንኖች ጎራዴአቸውን ሲያስረክቡ ስማቸውንና አድራሻቸውን ጽፈው ያስሩበት ነበር። ጽሑፉን ያስነብቡት፤ የቤተሰቡ ስም ሊወጣ ይችላል፣ የአዛውንቱንም ታሪክ ከልጆቻቸው ጠይቀው አብረው ይጻፉት።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ «ማሳሙኔ» የሚል ፊርማ ያለበት ረጅም ጎራዴ ሊሸጥልኝ ነው። እውነተኛ ሊሆን ይችላል? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ሊሆን አይችልም ለማለት በጣም የቀረበ ነው። ማሳሙኔ በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በአሥራ አራተኛው መጀመሪያ በሳጋሚ ግዛት የሠራ፣ በጃፓን ጎራዴ ታሪክ ከሁሉ የገነነ ቀጥቃጭ ነው። የእርሱ ናቸው የሚባሉት ረጅም ስለቶች በባለሙያ ግምት የተሰጡት እንጂ የፈረመባቸው አይደሉም፤ ፊርማው ያለባቸው የሚባሉት ጥቂት አጫጭር ስለቶች ናቸው። ስለዚህ በእርሱ ጉዳይ ፊርማ መኖሩ ራሱ የጥርጣሬ ምክንያት ነው። በእርሱ ስም ከሚታወቁት ታላላቆች አንዱ የሆነው ሆንጆ ማሳሙኔ በ1939 ብሔራዊ ሀብት ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ በ1945 መጨረሻ ጃፓንን ቀድሞ ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ቤተሰብ ለባለሥልጣናት ካስረከበው በኋላ የደረሰበት ጠፍቶ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዜናው የታወቀ በመሆኑ ማሳሙኔ አገኘሁ የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ሐሰተኛ ፊርማ የዘመናችን ብቻ ጉዳት አይደለም፤ ጃፓኖች ራሳቸው ለዘመናት በሌላ ቀጥቃጭ ሥራ ላይ የታላላቆችን ስም ይቀርጹ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጥሩር ሠሪነቱን ትቶ ወደ ጎራዴ የገባው ናጋሶኔ ኮቴቱ ስሙ እጅግ ከተሰረቀባቸው አንዱ ነው። የሐሰት ፊርማ ያለበት ስለት ሁልጊዜ መጥፎ ስለት ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን በራሱ ጥራት እንጂ በተቀረጸበት ስም ሊሰላ አይገባም።

ነጋዴው በ1948 ቶኪዮ ውስጥ ከተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴ ጥበቃ ማኅበር የተሰጠ የምስክር ወረቀት ካለው እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ማኅበሩ ሐሰተኛ ነው ብሎ ለፈረደበት ፊርማ ወረቀት አይሰጥም። የወረቀቱ ደረጃዎች ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሆዞን፣ ቶኩቤቱ ሆዞን፣ ጁዮ እና ቶኩቤቱ ጁዮ ናቸው። ከ1982 በፊት በነበረው አሠራር ከተሰጡት ወረቀቶች አንዳንዶቹ እምነት ስላጡ፣ አሮጌ ወረቀት ብቻ ያለው ውድ ስለት ዳግመኛ ካልተመረመረ አልመክርም። ወረቀት ከሌለው እንደ ማሳሙኔ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ በለንደን የጃፓን ጎራዴ መግዛት በሕግ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በእንግሊዝና በዌልስ ከ2008 ጀምሮ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴ መሸጥና ማስገባት ተከልክሏል። ሆኖም ከ1954 በፊት ለተሠሩትና ዘመናቸው ምንም ይሁን ምን በባህላዊ መንገድ በእጅ ለተሠሩት ልዩ ሁኔታ ተደርጎላቸዋል። ያንን የሚያስረዳው ግን ባለቤቱ ስለሆነ፣ የግዢ ደረሰኙና የምስክር ወረቀቱ አብረው ይቀመጡ። በመንገድ ላይ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ በማንኛውም ሁኔታ ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ በጨረታ የደረት ጥሩርና የራስ ቁር ገዛሁ። ቅርፊቶቹን የሚያያይዘው ሐር በብዙ ቦታ ተበጥሷል፣ ጥቁሩ ቅብም ተላጧል። ሐሩን ሁሉ አውጥቼ በአዲስ ላስተካው አስቤያለሁ። ይመከራል?

መልስ፦ ከጎራዴ ይልቅ ጥሩር ላይ የሚፈጸመው ጥፋት ብዙ ጊዜ በመልካም ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዎን በደስታ ተቀብያለሁ።

ጥንታዊው የጃፓን ጥሩር ከብረትና ካልለፋ ቆዳ የተቆረጡ ብዙ ትንንሽ ቅርፊቶች ኡሩሺ የሚባለውን የዛፍ ቅብ ተቀብተው በሐር ገመድ የተሰፉበት ነው። በኋለኛው ዘመን፣ በተለይ ጠመንጃ ከገባ ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ሰፋፊ የብረት ሰሌዳዎች ቅርፊቶቹን ተክተዋል። የሐር ገመዱ አሰፋፍ፣ ጥግግቱና ቀለሙ ጥሩሩ በየትኛው ዘመንና ለምን ዓይነት ሰው እንደተሠራ ይናገራል። ሁሉንም ነቅለው በአዲስ ሲተኩት ይህ ንግግር ይቋረጣል።

የሐሩ መበጣጠስ የራሱ ምክንያት አለው። ቡናማና ጥቁር ቀለም ለማግኘት ሐሩ በብረት ጨው ስለሚነከር፣ ብረቱ በዘመናት ውስጥ ሐሩን ከውስጥ ይበላዋል፤ በኢንዲጎ የተነከረው ሰማያዊ ሐር ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይቆያል። በአንድ ጥሩር ላይ አንዱ ቀለም ደቆ ሌላው ጠንካራ ሆኖ ቢያገኙ የተለያየ ዘመን ጥገና ነው ብለው ወዲያው አይደምድሙ። የጨርቃ ጨርቅ ጥገና ባለሙያ የቀረውን ሐር በስስ መረብ ደግፎ እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል። ክብደት የሚሸከመው ገመድ ተበጥሶ ክፍሎቹ የሚወድቁ ከሆነ ብቻ፣ በዚያ ቦታ ብቻ፣ አዲስ ገመድ ይግባ፤ የወጣው አሮጌ ሐር የት እንደነበረ ተጽፎበት በፖስታ ይቀመጥ፣ ከሥራው በፊትና በኋላም ፎቶ ይነሣ።

ቅቡን በተመለከተ፣ ኡሩሺ ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ እንደ ሌላ ቀለም በመድረቅ ሳይሆን ሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ነው የሚጠነክረው። ባለሙያዎች የአየሩ እርጥበት ከ70 እስከ 80 በመቶ በሚደርስበት ሣጥን ውስጥ ያቆዩታል። ጥሬው ቆዳን ክፉኛ ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል ያለ ሥልጠና የሚሞከር አይደለም። ከሱቅ የሚገዛ ጥቁር የመኪና ቀለም ወይም ማጣበቂያ ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ በኋላ ለማስለቀቅ ሲሞከር ከሥሩ ያለውን ጥንታዊ ቅብ ይዞት ይሄዳል። እየተነሣ ያለውን ቅብ አይጫኑት፤ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉት።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የራስ ቁሩና ደረቱ ከአንድ ሰው የወጡ ላይሆኑ ይችላሉ፤ በገበያ የሚገኙ ብዙ ጥሩሮች ከተለያየ ቦታ ተሰባስበው የተገጣጠሙ ናቸው። የቁሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ የሚዮቺን ቤተሰብ ፊርማ ቢያገኙም ይጠንቀቁ፤ ይህ ታዋቂ የጥሩር ሠሪዎች ቤተሰብ በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) የሌሎችን አሮጌ ቁሮች ለራሱ ጥንታዊ አባቶች ይሰጥ ነበር። በሊድስ የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ለማወዳደር ይረዳዎታል፤ በ1613 ሾጉን (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) ቶኩጋዋ ሂዴታዳ በካፒቴን ጆን ሳሪስ በኩል ለንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ የላከው ጥሩር ሠሪውና ዘመኑ ስለሚታወቅ እንደ መለኪያ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ የጎራዴ እጅ መከላከያ የሆነች ጥቁር ሰሌዳ አለችኝ። የናስ ማጽጃ ልጠቀም? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ በፍጹም። ጥቁር የሆነው ብረት ከሆነ ጥቁረቱ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው። ሻኩዶ ከሆነም ጥቂት ወርቅ የገባበት መዳብ ሲሆን፣ ሰማያዊ ጥቁር መልኩ በኬሚካል የተገኘ ጌጥ ነው፤ ማጽጃው ያንን አጥቦ ተራ ቀይ መዳብ ያስቀርልዎታል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ማበስ ይበቃታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ጥሩሩን ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ ከመስኮቱ ያርቁት። ብርሃን በሐር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ጥገና የለውም፤ ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ዕቃ ብርሃኑን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። በእርስዎ ከተማ ሁለተኛው ሥጋት የአየር ማቀዝቀዣው ነው። ከውጭው ወበቅ ወደ ቤት ውስጥ ደረቅ አየር የሚደረገው መቀያየር ቆዳውን ያሸማቅቃል፣ ቅቡንም ይሰነጥቃል። እርጥበቱ 50 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ያድርጉ፤ የቀዝቃዛው አየር መውጫ በቀጥታ አይንፋበት። ማቆሚያው ክብደቱን በትከሻና በወገብ የሚሸከም ይሁን፤ አለዚያ ሐሩ ቀን ከሌት ይጎተታል። በዓመት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሣጥኑ መመለሱ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ኦሳካ እሄዳለሁ፤ ጎራዴ ገዝቼ ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ። ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ በጃፓን ውስጥ ማንኛውም ሕጋዊ ጎራዴ ቶሮኩሾ የሚባል የመመዝገቢያ ካርድ አለው፤ ካርዱን የሚሰጠው የየክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ሲሆን የተመዘገበው ጎራዴው እንጂ ሰውየው አይደለም። ካርድ የሌለውን ከማንም አይግዙ። ከአገር ለማውጣት የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብሔራዊ ሀብት ወይም አስፈላጊ የባህል ንብረት ተብሎ የተመደበ ዕቃ ፈጽሞ አይወጣም። ማመልከቻውን አብዛኞቹ የታወቁ ሱቆች ራሳቸው ያስፈጽማሉ፤ ሆኖም ሂደቱ ሳምንታት ስለሚወስድ በሻንጣ ይዘው ለመመለስ አያቅዱ፣ ጎራዴው በኋላ ይላክልዎታል። በሚኖሩበት አገር የማስገቢያ ደንቡን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ። ሱቁ ውስጥ እያሉም ካርዱ ላይ የተጻፈውን የስለቱን ርዝመት፣ የቆልማማነቱን ልክ፣ በናካጎው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ብዛትና ፊርማውን ከጎራዴው ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ፤ አንዱ እንኳ ካልገጠመ ካርዱ የሌላ ጎራዴ ሊሆን ስለሚችል ግዢውን ያቁሙ።