ስለ አንግሊካን ሊቀ ዲያቆን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ባለች አንዲት ትንሽ የአንግሊካን (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን) አጥቢያ በሰበካ ጉባኤ 6 ዓመት አገልግያለሁ። ሊቀ ዲያቆኑ ለጉብኝት ሲመጣ ቁልፍና መዝገብ ይዤ ከኋላው የምዞረው እኔ ነበርኩ። ሹመቱ ከየት እንደመጣ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሊቀ ዲያቆን የዲያቆናት አለቃ አይደል እንዴ? እኛ የምናውቀው ቅዱስ እስጢፋኖስን ነው።

መነሻውስ እሱ ነው። በጥንት ዘመን ከጳጳሱ ጎን የማይለይ ዋና ዲያቆን ነበር። የምጽዋቱን ገንዘብ ስለሚይዝ ከብዙ ቀሳውስት ይልቅ ይፈራ ነበር። የዛሬው የአንግሊካን ሊቀ ዲያቆን ግን ቄስ ነው። የ1662 የእንግሊዝ ሕግ ቅስና ያለው መሆን አለበት አለ፣ የ1840ው ደግሞ በቅስና ቢያንስ 6 ዓመት የቆየ ይሁን ብሎ ጨመረበት። ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር መቼ ገባ?

በስም የሚታወቀው የመጀመሪያው የካንተርበሪው ዉልፍሬድ ነው። በ805 ሊቀ ጳጳስ ሆነ። አገር ተከፍሎ ለየሊቀ ዲያቆኑ የተሰጠው ግን ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 አገሩን ድል አድርገው ከገቡ በኋላ ነው። የሊንከን ሀገረ ስብከት ከሐምበር ወንዝ እስከ ቴምዝ ይደርስ ነበር። አንድ ጳጳስ በፈረስ እየዞረ የት ይደርሳል? ስለዚህ 8 ሊቀ ዲያቆናት ተካፈሉት። «የጳጳሱ ዓይን» ይባሉ ነበር። እኛ አገር የወረዳ ሊቀ ካህናት የሚባለውን ብታስቡ ብዙ አትርቁም።

ጥያቄ፦ «ሊቀ ዲያቆን ይጸድቃል ወይ?» የሚል ቀልድ አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ በ12ኛው መቶ ዘመን የሳልስበሪው ጆን የሚባል ጸሐፊ ጽፎታል። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሊቀ ዲያቆኑ የራሱ ችሎት ነበረው። ዝሙት፣ ያልተከፈለ አሥራት፣ የኑዛዜ ክርክር ሁሉ እሱ ዘንድ ይቀርባል፤ መቀጫውም እዚያው ይከፈላል። ለጉብኝት ሲመጣ ደግሞ እሱንም፣ አጃቢውንም፣ ፈረሱንም መቀለብ የአጥቢያው ዕዳ ነው።

በ1179 ሮም የተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ሊቀ ዲያቆን ከ5 እስከ 7 ፈረስ ብቻ ይዞ ይሂድ ብሎ ወሰነ። ማን ሰምቶ! የሪችመንዱ ሊቀ ዲያቆን ብሪድሊንግተን ገዳም የደረሰው 97 ፈረስ፣ 21 ውሻና 3 የአደን ጭልፊት አስከትሎ ነው። መነኮሳቱ ጓዳቸው ሲራገፍ ቢያዩ ጊዜ ለሮማው ፖፕ ለኢኖሰንት 3ኛ አቤት አሉ። እኔ ውሾቹ ናቸው የሚገርሙኝ። ቤተ ክርስቲያን ለመጎብኘት 21 ውሻ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ቶማስ ቤኬትም ሊቀ ዲያቆን ነበር?

አዎ፣ በ1154 የካንተርበሪ። በ1162 ሊቀ ጳጳስ ሆነ፣ በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ ተገደለ።

ጥያቄ፦ ዛሬስ ሥራው ምንድን ነው?

የለንደኑ ጳጳስ ብሎምፊልድ ተጠይቆ «የሊቀ ዲያቆንነት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው» አለ ይባላል። የኛው ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚያየው አሸንዳውን ነበር። ቅጠል ከደፈነው አለቀልን። ከዚያ የረጠበ ግድግዳ በመዳፉ ይዳስሳል። ከዚያ ንዋያተ ቅድሳቱን ከመዝገብ ጋር ያመሳክራል። አንድ ጊዜ አንድ የብር ጽዋ ጠፍቶ ላብ በላብ ሆንኩ። በኋላ በአሮጌ መጋረጃ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ሰውዬው ምንም አላለም፣ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ አለፈ።

ሌላም አለ። የአጥቢያ ተመራጮችን በየዓመቱ ያስምላል፣ ለክህነት የሚቀርቡትን ለጳጳሱ ያቀርባል፣ ቄስና ምእመን ሲጣሉ መጀመሪያ የሚደወልለት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ሊቀ ዲያቆን አለች?

አለች እንጂ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዋ በ1996 የተንብሪጅዋ ጁዲት ሮዝ ናት። ሴቶች ቅስና ከተቀበሉ 2 ዓመት ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪካ ውስጥስ?

በኒጀር ወንዝ አካባቢ የታዋቂው ጳጳስ የሳሙኤል ክራውዘር ልጅ ዳንደሰን በ1876 ተሾሟል። እኔ የምወደው ግን የኬንያውን ዋልተር ኦወንን ነው። እንግሊዛዊ ነው፣ የካቪሮንዶ ሊቀ ዲያቆን። በቅኝ ግዛቱ ግብርና በግዳጅ ሥራ ላይ ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ይጽፍ ነበር። ነጭ ሰፋሪዎች ተናደው ሊቀ ዲያቆን የሚለውን ወደ «ሊቀ አጋንንት» ገለበጡበት። በአማርኛም ግጥም ማለቱ ደስ አይልም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንግሊካን ኢትዮጵያ ውስጥ አለ እንዴ?

አለ። አዲስ አበባ ቅዱስ ማቴዎስ አለ። ብዙው ምእመን ግን ጋምቤላ ነው፣ ኑዌርና አኙዋክ። ከ2020 ጀምሮ በእስክንድርያ (ግብጽ) የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ሥር ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ ቄስ ሲመደብ ሊቀ ዲያቆኑ እጁን ይዞ በር ላይ የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው?

አጥቢያውን ማስረከቡ ነው። የቄሱን እጅ ይዞ በሩ ቁልፍ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ቄሱ ገብቶ ራሱ ደወሉን ይደውላል። ስንት ጊዜ ከደወለ ያን ያህል ዓመት ይቆያል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ሁሉም በሹክሹክታ ይቆጥራል። የኛው 12 ጊዜ ደወለ፣ በ3ኛው ዓመት ሄደ።